አንድ እጅ አያጨበጭብም

የሠርግ ፎቶግራፍ የሙሽሮቹ ምስል ብቻ አይደለም። ሙሽሪት ከአባቷ ቤት ስትወጣ ጎንበስ ብላ የእናቷን ጉልበት ስትስም፣ ልምድ ያለው ፎቶግራፍ አንሺ የሚጠብቀው የእርሷን ፊት አይደለም፤ እርሷማ ያን ጊዜ አቀርቅራለች። የሚጠብቀው የእናትን ፊት ነው። ከእናት ጀርባ የቆሙትን አክስቶች፣ ከንፈሩን ነክሶ እንባውን የሚመልሰውን ታላቅ ወንድም ነው። ቅጽበቷ ብትቆይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ናት። ዛሬ ባለሙያው በዚያች ቅጽበት ካሜራውን ሲያነሣ በሌንሱ ውስጥ የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ የስልክ ጀርባ ነው። አክስቶቹ አሉ፤ ፊታቸው ግን የለም። ወንድምዬውም ያልቅስ አያልቅስ አይታወቅም።

በሠርግ ሥራ የሚተዳደሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ይህን ሲያማርሩ ነገሩ የገበያ ቅናት ይመስላል። በከፊልም ሳይሆን አይቀርም፤ እድምተኛው ያነሣው ምስል በዚያው ምሽት ለዘመድ አዝማድ ሲዳረስ፣ የባለሙያው አልበም ወራት ያስጠብቃል። ሆኖም ቅሬታው ሙያዊ መሠረት አለው። የባለሙያው ፍላሽ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ መብራት ግን እንደበራ ይቆያል። በተክሊል ጊዜ የጧፉ ሞቅ ያለ ብርሃን ከስልኩ ነጭ ብርሃን ጋር ሲገናኝ የሙሽራው ፊት ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ይህን በኋላ በኮምፒውተር አስተካክላለሁ ማለት ብዙ ድካም ነው፤ ውጤቱም እምብዛም አያረካም።

ከፎቶግራፉ ይልቅ የሚያሳስበው ግን ዘፈኑ ነው። በእኛ ሠርግ ዘፈኑን ተሸክሞ የሚዘልቀው እድምተኛው ነው፤ አውጪው ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ምቱ ጭብጨባ ነው። የሙሽሪት ወገኖች በር ዘግተው ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ሲያግዱ ሙግቱ በዘፈን ነው፤ የሚረታውም ድምፁና ጭብጨባው የበረታ ወገን ነው። አሁን ከበሩ ወዲህም ወዲያም ቀኝ እጅ ስልክ ይዟል። የቀረው ግራ እጅ ጭኑን መታ መታ ቢያደርግ ነው። እስክስታ ይወርድ የነበረው ትከሻም ምስሉ እንዳይነቃነቅ ሲባል ደርቆ ይቆማል። ዘፈኑ ሲሳሳ ዲጄው ያንኑ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ይለቅቀዋል። ሁሉም እየቀረጸ ነው፤ የሚቀረጸውን የሚያደርግ ግን እየጠፋ ነው። በባለሙያው አልበም ውስጥ አፉን ከፍቶ የሚዘፍን፣ እጁን አንሥቶ የሚያጨበጭብ ሰው ማግኘት ያዳገተው ባለሙያው ስለ ሰነፈ አይደለም።

ይሁንና ከሳሹ ራሱ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። አይፎን በ2007 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከመቅረቡ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የእኛ ሠርግ ለካሜራ ተገዝቶ ነበር። በቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ዘመን የነበረው ቪዲዮ አንሺ ዓይን የሚያጠፋ መብራት አስይዞ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በእድምተኛው እግር መካከል እየጎተተ ይገባ ነበር። ኬኩ በደንብ አልተቆረሰም ተብሎ ቢላዋው እንደገና ይነሣል። ሙሽሮቹ ለፎቶግራፍ መናፈሻ ሲዞሩ እድምተኛው አዳራሽ ውስጥ ሆዱን ይዞ ይጠብቃል። ሠርግ የሚደገሰው ለካሜራው ነው የሚለውን ትምህርት ሕዝቡ የተማረው ከማን ሆነና! ስልክ የያዘው እድምተኛ የዚያው መምህር ተማሪ ነው።

ልዩነቱ ምስሉ ማረፊያ ማግኘቱና ማጣቱ ላይ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው መጽሐፍ ከየቤተሰቡ የተሰበሰቡ የድሮ ፎቶግራፎችን ይዟል። ሊሰበሰቡ የቻሉት በወረቀት ታትመው በየአልበሙና በየሣጥኑ ስለ ቆዩ ነው። በአንድ ሠርግ ላይ በመቶ ስልኮች የተቀረጸው ግን ስልኩ ሲሞላ ይሰረዛል፤ ሲሰበር ወይም ሲሰረቅም አብሮ ይሄዳል።

በአንዳንድ አገሮች «ስልካችሁን አጥፉልን» የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ ተለምዷል። በእኛ ዘንድ ይሠራል ማለት ያስቸግራል። አክብሮ የመጣን እንግዳ በክልከላ መቀበል ከስልኩ የባሰ ነውር ነው። ደግሞም ሁሉም ስልክ አንድ አይደለም። ናይሮቢ ውስጥ የጉዞ ሰነድ የሌለው ስደተኛ ልጅ ሲያገባ፣ ደሴ ወይም ጎንደር ያለች እናቱ ሠርጉን የምታየው በስልክ ብቻ ነው። ለዚህ አንድ ስልክ ይበቃል፤ ከሚዜዎቹ አንዱ ይህን ብቻ እንዲሠራ ቀድሞ ቢመረጥ የሌሎቹ እጅ ለጭብጨባ ነፃ ይሆናል።

እንዲህ ባለው ሠርግ ሙሽራው ጉልበት ለመሳም ተራው ሲደርስ፣ አክስቱ በተቀመጠችበት ስልኩን ጉልበቷ ላይ ታቆምለታለች፤ እርሱም ጎንበስ ይላል። ከመስታወቱ ውስጥ እናቱ ትመርቃለች። ፎቶግራፍ አንሺው እዚህ ላይ ስልኩ ይነሣልኝ አይልም። ፍላሹ መስታወቱ ላይ አንጸባርቆ የእናትየውን ፊት እንዳያጠፋው አጥፍቶት፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ይጠብቃል።