አበጋዙ ሙስሊም ነበር

ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊት ታሪክ ሲወራ ልጆቻችሁ ምን እንደሚሰሙ እስቲ ልብ በሉ። ታቦት ከንጉሡ ጋር ወደ ጦር ሜዳ ሲወርድ፣ ካህናት ዘማቹን ሲባርኩ ይሰማሉ። ይህ በእርግጥ የሆነ ነው፤ ክርስቲያን ወገኖቻችን ቢኮሩበትም አይነቀፉም። ሂሳችን ሳይነገር በቀረው ላይ ነው። በዚያው ሰልፍ ውስጥ ወደ ቂብላ ዞሮ የሰገደው ወታደር የት ገባ?

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ አንኮበር የደረሰ ሰው፣ ቁልቁል ወደ ምሥራቅ ቢመለከት አልዩ አምባና የይፋት ቆላ ከፊቱ ተዘርግተው ያገኛቸዋል። ይፋት በ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የተነሡት የወላስማ ሱልጣኖች አገር ነው። ሱልጣኔቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላም የወላስማ ስም አልጠፋም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813-1847) የሸዋን ምሥራቃዊ ጠረፍ ይጠብቅ የነበረው ሹም ወላስማ መሐመድ ይባላል። ማዕረጉ አበጋዝ ነበር፤ አበጋዝ ማለት የጦር አለቃ ማለት ነው። የመንግሥት እስረኞች የሚቀመጡበት የጎንቾ ምሽግም በእርሱ እጅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ አንኮበር የመጣው የእንግሊዝ ልዑካን መሪ ካፒቴን ሐሪስ፣ በ1844 ባሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ስለዚሁ ሰው ጽፏል። ሐሪስ ወላስማውን የሚያየው በመንገዱ ላይ እንደተደነቀረ እንቅፋት ነው። እኛ ግን ከትረካው ሌላ ቁም ነገር እናነባለን። ክርስቲያኑ ንጉሥ የበሩን ቁልፍ ለሙስሊም ሹም አምኖ ሰጥቷል። ሙስሊም ለአገር ዘብ መቆም አይችልም የሚል ሰው ካለ፣ አንኮበር ራሷ ምስክር ትሁንበት።

ይሁን እንጂ ያንን ዘመን ከልኩ በላይ ማወደስም አይገባም። የአበጋዙ ሹመት በንጉሡ ፈቃድና ጥቅም ላይ የቆመ ነበር እንጂ በሕግ የታወቀ መብት አልነበረም። በጥቅም የተሰጠ ነገር ጥቅሙ ሲያልቅ ይወሰዳል። ሣህለ ሥላሴ ካረፉ ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1870 ዓ.ም፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባለችው ልቼ ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ ገበሩ። በዚያው ዓመት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ። ሙስሊም ሹማምንት ከሥልጣናቸውና ከእምነታቸው አንዱን እንዲመርጡ ታዘዙ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላም ራስ ሆኑ። አንድ ሰው ጦር ለመምራት ስሙንና ሃይማኖቱን እንዲቀይር ሲገደድ፣ በሥሩ ላለው ተራ ዘማች የሚተላለፈው መልእክት ምን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ሙስሊሙ ግን ከአገሩ ጦር አልሸሸም። በ1928ቱ የፋሺስት ወረራ ጊዜ በኦጋዴን ግንባር ጠላትን ከተፋለሙት መካከል ሶማሌው ዑመር ሰመተር ይገኙበታል። ደሙ ተቆጠረ፤ እምነቱ ግን አልተቆጠረም። የ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥት 126ኛ አንቀጽ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ምንጊዜም የዚሁ እምነት ተከታይ እንዲሆን ደነገገ። የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ነበር። እንግዲህ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም በአዲስ አበባ አደባባይ የወጣው ሕዝበ ሙስሊም፣ በዓላቱ እንዲከበሩ ከመጠየቁም ሌላ በአስተዳደር፣ በፍርድ ቤትና በጦር ኃይሉ እኩል ቦታ መጠየቁ ምን ያስደንቃል?

ደርግ በ1967 ዓ.ም ኢዶቻችንንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረገ፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ሃይማኖትን ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት የሚያይ ርዕዮተ ዓለም ይዞ መጣ። ሁሉን እኩል መንፈግ እኩልነት ሊባል ይችላል፤ እውቅና ግን አይደለም።

የ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት በ11ኛው አንቀጽ መንግሥትና ሃይማኖትን ለየ፤ በ27ኛው የእምነት ነፃነትን አረጋገጠ። ስለ መከላከያ የሚናገረው 87ኛው አንቀጽ ግን የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋፅኦ ጠቅሶ ስለ እምነት ዝም ይላል። ዝምታው በራሱ ክፉ አይደለም። የሃይማኖት ኮታ አንጠይቅም። ችግሩ፣ ሕግ ዝም ሲል ልማድ ይናገራል፤ ልማዱ ደግሞ ከላይ ካየነው ታሪክ የመጣ ነው።

ስለዚህ ልጃቸውን ለአገር የሚሰጡ ወላጆች የሚከተሉትን ቢጠይቁ አመፀኛ ሊባሉ አይገባም። ልጄ የሚበላውን ሥጋ ማን ያርደዋል? ግዳጅ በሌለበት ሰዓት ለጁሙዓ ይለቀቃልን? በረመዳን ሱሑር የሚበላበት ሰዓት ይሰጠዋልን? ቢሞትስ ማን ያጥበዋል፣ ማን ይሰግድበታል? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ አዛዥ ደግነት ወይም ክፋት ላይ መንጠልጠል የለባቸውም። መልሳቸው ተጽፎ ሊገኝ ይገባል።

«ይህ የጦር ዲሲፕሊን ያላላል» የሚሉ አይጠፉም። ለነዚህ ሰዎች ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ኒሳእ 102ኛ አንቀጽ የጦር ሜዳ ሶላትን ሲደነግግ፣ አንዱ ክፍል ሲሰግድ ሌላው እንዲጠብቅ፣ መሣሪያም ከእጅ እንዳይለይ አዟል። ለመንገደኛና ለታመመ ጾምም ማቅለያ አለው። ሃይማኖታችን የዘብን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቃል። ሁለተኛ፣ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1993 የመጀመሪያውን ሙስሊም ኢማም ሾሟል፤ እንግሊዝም በ2005 ተከትላለች። ጦራቸው አልፈረሰም።

ደግሞስ ለምን ውጭ አገር እንሄዳለን? ክርስቲያኑ ጎረቤታችን ድግስ ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ ሙስሊም ጠርቶ ያሳርዳል፤ ድስቱንም ይለያል። እኛም ለእርሱ እንዲሁ እናደርጋለን። ማንም ገበሬ «ሁሉም እኩል ነው፤ የቀረበውን ብሉ» አይልም። እንግዳን ማክበር እምነቱን አውቆ መሆኑን ያለ ሕግ ያውቀዋልና። መንግሥት ሕይወቱን ለሚሰጠው ወታደር፣ ገበሬው ለአንድ ቀን እንግዳ ከሚያደርገው ያነሰ ሊያደርግ ይገባዋልን?

በመጨረሻ ሂሱ ወደ ራሳችንም ይዙር። «አናሳ» የሚለውን ቃል ተቀብለን አንገት የምንደፋ አለን። በ1999 ዓ.ም ቆጠራ ሙስሊሙ ከአገሪቱ ሕዝብ 33.9 ከመቶ ነበር። በሰሜን ሸዋ ግን ቁጥራችን ጥቂት ነው። ይሁን፤ መብት በቁጥር የሚመዘን ከሆነ፣ ከኛ ያነሱት ምን ይዋጣቸው? ለራሳችን የምንሻውን ለካቶሊኩ፣ ለፕሮቴስታንቱ፣ ለዋቄፈታው ካልሻንለት፣ የጠየቅነው ፍትሕን ሳይሆን ተራን ነው። አላህ (ሱ.ወ) ደግሞ በራሳችን ላይ ቢሆን እንኳ በፍትሕ እንድንቆም አዞናል።

ልጆቻችሁ የአድዋንና የማይጨውን ታሪክ ሲያነቡ፣ ስለ ይፋቱ አበጋዝና ስለ ዑመር ሰመተርም ንገሯቸው። የአያቱን ድርሻ የሚያውቅ ልጅ በጦር ሰፈር በር ላይ እምነቱን አውልቆ አይገባም፤ የሌላውንም አያስወልቅም።

ወላሁ አዕለም።