በአንድ ጉሮሮ ስንት ሰው

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በ1982 ዓ.ም. ሲያርፍ፣ ዛሬ በሳውዲ ዓረቢያ ጂዛን፣ ሀሩብ ተራራ ላይ ከሚውሉት የሀገሬ ልጆች አብዛኞቹ አልተወለዱም። መልኩን አያውቁትም፤ ድምፁን ግን እንደ ጎረቤት ድምፅ ይለዩታል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ልቦለድ ትረካው ሜሞሪ ካርድ ላይ ተጭኖ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የየመንን በረሃ አብሯቸው አቋርጧል። የጂዛን ተራሮች የኸውላኒ ቡና አገር ናቸው፤ ዩኔስኮ የዚህን ቡና የማልማት ዕውቀት እ.ኤ.አ. በ2022 በቅርስነት መዝግቦታል። ልጆቹ እርከኑ ላይ ቡና ሲለቅሙ አንዱን ጆሮ ለወጋየሁ፣ አንዱን ለአሠሪው ሰጥተው ይውላሉ።

እኔ ወሎ ሳለሁ የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርሁ። ዋና ሚና ደርሶኝ አያውቅም። ሽማግሌ፣ ዘበኛ፣ የንስሐ አባት፣ አንዳንዴም ሬሳ። ሰው ይህን ሥራ የተረፈ ሥራ ያደርገዋል። እኔ ግን የሙያው ፈተና እዚህ ነው ባይ ነኝ፤ ምስክሬም ያ ትረካ ነው። መድረክ ላይ አንድ ሰው ሆኖ የሚያመሽ ተዋናይ፣ ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጥ ባልም ሚስትም፣ ጌታም ሎሌም እሱ ነው። ካባ የለ፣ ጢም የለ፣ መብራት የለ።

ክፍላችን ውስጥ ከመጽሐፉ ባለታሪኮች የፊታውራሪ መሸሻን ድምፅ የሚኮርጅ ልጅ አለ። ጉሮሮውን ያወፍራል፣ ደረቱን ይነፋል፣ ይጮኻል። ይስቁለታል፤ ፊታውራሪውን ግን አላገኛቸውም። እንደኔ ጆሮ የፊታውራሪው ክብደት ካለመቸኮል ነው የሚመጣው። በዕድሜው ማንም አቋርጦት የማያውቅ ሰው ምን አስቸኮለው? ቃሉን ጥሎ ይቆያል፤ ዝምታውም የራሱ ርስት ነው። ጉዱ ካሳ ደግሞ የሚሰማው እንደሌለ ያውቃል። ስለዚህ ቃሉ ይከታተላል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ መሐል ላይ ከራሱ ጋር የሚሟገት ይመስላል። እብድ ያለው መንደሩ ነው፤ ንግግሩን ረጋ ብሎ ላደመጠው ከሁሉ የሚያስተውለው እሱ ነው። ጉዱ ካሳን እብድ አድርጎ የሚጫወት ተዋናይ ከመንደሩ ጋር አብሮ ፈርዶበታል።

ውድነሽ በጣሙ ትከብዳለች። ባሎች የሞቱባት፣ ገፊ ተብላ የተፈራች ሴት ናት። ወንድ ተራኪ ሴት ሲይዝ መጀመሪያ የሚቀናው ድምፁን ማቅጠን ነው፤ ያኔ ሰሚው ይስቅና ሴትዮዋ ታመልጠዋለች። እኔ የማደርገው ሌላ ነው። ድምፄን እንዳለ ትቼ የዓረፍተ ነገሩን ጫፍ ዝቅ አደርጋለሁ። ዕድል ደጋግሞ የመታው ሰው ንግግሩን እስከ ዳር አጥብቆ አይዝም። ከዚያ ወዲያ ጆሮ ራሱ ሴት ያደርጋታል።

ሴት ሆኖ መጫወት ከተነሳ ተስፋዬ ሳህሉን ማለፍ ነውር ነው። አገር ሁሉ አባባ ተስፋዬ እያለ በልጆች ፕሮግራም ያውቃቸዋል እንጂ፣ እሳቸውስ ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን ቀሚስ ለብሰው ሴት ሆነው የተወኑ ናቸው። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያም ዘምተዋል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ገቡ፤ ከ40 ዓመት በላይ ተረት ሲነግሩ አንበሳውም ጦጣዋም እሳቸው ነበሩ። በ2009 ዓ.ም. አረፉ። ያን ተረት ትወና ነው የሚል ሰው ብዙም አልገጠመኝም። ታዲያ ምን ሊሉት ነው?

ካሜራ ሌላ ጣጣ አለው። ደበበ እሸቱ ሃንጋሪ ቲያትር ተምሮ የመጣ የመድረክ ሰው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1973 በወጣው የአሜሪካኖች ፊልም «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ዋሳ የተባለውን ሰው ይዞ ይጫወታል። መሪው ሪቻርድ ራውንድትሪ ነው፤ ፊልሙም ከፊሉ ኢትዮጵያ ውስጥ የተቀረጸ። ታሪኩ አፍሪካውያንን በሥራ እያባበለ አውሮፓ ወስዶ እንደ ባሪያ ስለሚያሠራ ቡድን ነው። እዚህ በስልክ አብረን ስናየው አንዱ፣ «ደላላ ያኔም ነበር እንዴ?» አለና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ያን መንገድ ሁላችንም እናውቀዋለን። ለሙያው ግን ሌላ ነገር አየሁበት። አጭር ሚና የያዘ ሰው ራሱን ለማስተዋወቅ ጊዜ የለውም። ከየት እንደመጣ፣ ማንን እንደሚፈራ፣ ማንን እንደሚንቅ በአገባቡና በአስተያየቱ መታወቅ አለበት። መድረክ ላይ የመጨረሻው ወንበር እንዲሰማ ድምፅ ይላካል፤ ካሜራ ግን ራሱ ቀርቦ ዓይን ውስጥ ስለሚገባ ትንሽ ከበዛበት ውሸቱን ያጋልጣል።

ሀሩብ ውስጥ ቲያትር ቤት የለንም። የሚታይ ሰው ግን ሞልቷል። አንድ ጓደኛችን በአማርኛ ሲናገር ተረበኛ ነው፤ እሱ ባለበት ማንም ቁምነገር አይጨርስም። አሠሪው ፊት ሲቆም ግን ትከሻው ይጠባል፣ ድምፁ ቅጥን ይላል፣ የሚያውቃት ዓረብኛ ሁሉ «ሓዲር» (እሺ) እና «ተማም» (መልካም) ላይ ታልቃለች። ሰውየው ይህ ልጅ ሞኝ ይመስለዋል። ልጁም ይህን ግምቱን አያፈርስበትም፤ ይጠቅመዋልና። አንድ ቀን ግን ደሞዙ ዘገየና ሲጠይቅ ሰማሁት። ቃሉ ያው ጥቂት፣ ትከሻው ያው ጠባብ፤ ዓይኑ ብቻ አልተሰበረም። ያችን ዓይን ስንት ዓመት መድረክ ላይ ፈልጌ አጥቻታለሁ።

ማታ የስልክ ባትሪ ሲያልቅ ትረካው በኔ ይቀጥላል። «ጋሼ፣ ጉዱ ካሳን አምጣልን!» ይላሉ። ቦጋለ መብራቱን የሚጠይቅ የለም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን መጽሐፍ ግን የጀመሩት ከማንኩሳው ቦጋለ ነው፤ ስለዚህ እኔም ሁልጊዜ ከሱ እጀምራለሁ። ያጉረመርማሉ፣ ይሰማሉ። አንዱ የራያ ልጅ ደግሞ ሰብለ ወንጌልን ልያዝ ካለ ሰነበተ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ እሱ አያሳስበኝም። መጀመሪያ እናቷን ወይዘሮ ጥሩአይነትን እንዲሞክር ነግሬዋለሁ፤ ልጅቱ ለምን እንደዚያ ዝቅ ብላ እንደምትናገር ከእናቷ ቤት ካልተነሳ አያገኘውም።