ቅርጹን ቀለም ዋጠው
ስለ እንጨት ሪሊፍ አቀባብና አጨራረስ

በማሠልጠኛ ኢንስቲቲዩታችን የትምህርት ዘመኑ ሊዘጋ ሲል የዕጩ መምህራን የእጅ ሥራ ውጤቶች ለእይታ ይቀርባሉ። በቅርቡ ከቀረቡት መካከል ከዋንዛ ሳንቃ የተሠሩ ሪሊፎች ይገኙበታል። ሪሊፍ የምንለው፣ እንደሚታወቀው፣ ከሳንቃው ሳይነጠል ከገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ቅርጽ ነው። ሥራዎቹን መርምረን ነጥብ የሰጠነው እኛው መምህራን ስለሆንን፣ ይህ ሂስ ከሠሪዎቹ ይልቅ በዳኞቹ ላይ ቢበረታ አንባቢ አይደነቅ።

ሦስቱን ሥራዎች ለንጽጽር እንውሰድ። አንደኛው በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ነው፤ በሚያብለጨልጭ የዘይት ቀለም ተቀብቷል። ሰማዩ ሰማያዊ፣ መሬቱ ቡናማ፣ ከበሬዎቹ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ነው። ሁለተኛው ቡና የምትቀዳ ሴት ናት፤ እንጨቱ ጠቆር ባለ ማቅለሚያ ከተነከረ በኋላ ቫርኒሽ ተደርቦበታል። ሦስተኛው ፈረሰኛ ነው፤ ከተልባ ዘይትና ከሰም በቀር ሌላ ነገር አልነካውም። አንደኛነቱን ለገበሬው ሰጠን። ፈረሰኛው «አላለቀም» ተባለና ነጥቡ ዝቅ አለ። ሠሪው «ምን ጎደለው?» ብሎ ሲጠይቀን የሰጠነው መልስ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ቀለም»።

ወደ ማታ ዕቃው ሲነሣ ሦስቱም ሥራዎች በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ያዘቀዘቀችው ፀሐይ ከጎን ስታበራባቸው ስሕተታችን ተገለጠልን። ፈረሰኛው ነፍስ ዘራ። የፈረሱ አንገት ከሳንቃው ተነሥቶ ወደ እኛ የሚመጣ መሰለ፤ የልጓሙ ጠፍር እንኳ የራሱን ቀጭን ጥላ ጣለ። በገበሬው ላይ ግን ብርሃኑ እንደ መስተዋት ተንጸባረቀና ዓይናችንን ወጋው። ቀንበሩ ከበሬዎቹ ጫንቃ ጋር የሚገናኝበት ጠባብ ስንጥቅ በቀለም ተደፍኗል፤ በመሮ ስል ሆኖ የተቆረጠው የሞፈሩ ጠርዝ ደንዝዟል። አዳራሹ ውስጥ ሥራዎቹ ጠረጴዛ ላይ ተጋድመው ብርሃን ከአናታቸው ብቻ ይወርድባቸው ስለነበረ፣ ያየነው ቅርጹን ሳይሆን ቀለሙን ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሪሊፍ የሚኖረው በጥላ ነው። ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ አንድ ወፍራም ቅብ የብዙ ቀን የመሮ ሥራን ሊያጠፋ ይችላል። በዚያ ላይ ቀለሙና ጥላው ሊጋጩ ይችላሉ። ገበሬው ከኋላው ያለው ተራራ በቅርጽ ወደ ኋላ የራቀ ነው፤ ይሁን እንጂ በደማቅ አረንጓዴ ስለተቀባ ከበሬዎቹ ፊት ወጥቶ ቆሟል። ዓይንና አፍንጫውም በብሩሽ ስለተሣሉ መሮው ሊሠራ የሚገባውን ሥራ ብሩሹ ቀምቶታል።

የቡና ቀጂዋ ጉድለት ከዚህ ይለያል። የእንጨት ጭረት ተኝቶ ሲቆረጥና ተሻግሮ ሲቆረጥ ማቅለሚያ የመጠጣት ኃይሉ እኩል አይደለም። ጉንጭና ግንባር ሲጠረቡ ጭረቱ በአፉ ስለሚቆረጥ ብዙ ይጠጣል፤ ይጠቁራልም። ስለዚህ የሴቲቱ ፊት ብርሃን ሊያርፍበት በሚገባው ቦታ ላይ ጠቁሮ ዥንጉርጉር ሆኗል። አስቀድሞ ቀጠን ያለ ማሸጊያ ቅብ ቢሰጠውና ከዚያው ሳንቃ በተረፈ ቁራጭ ላይ ቢሞከር ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ፈረሰኛውም ቢሆን እንከን አላጣም። በጥልቅ ማዕዘኖች ውስጥ ሰሙ ረግቶ ነጣ ነጣ ብሏል፤ የፈረሱ የኋላ እግሮችም ከሳንቃው በበቂ አልተለዩም። ነገር ግን ጉድለቱን ያየነው ሳይሸፍን ስላሳየን ነው።

ከዚህ ተነሥተን ቀለም ይወገድ ማለታችን አይደለም። ከእንጨት ሳይሆን ከዓለት የተወቀረ ቢሆንም፣ በላሊበላ በቤተ ማርያም ውስጥ ውቅርና ቀለም ተስማምተው እናያለን። ስለ እንጨቱ ከሆነ ደግሞ በጀርመን አገር የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ቲልማን ሪመንሽናይደር እ.ኤ.አ. ከ1490 እስከ 1492 ለሙነርሽታት ከተማ ቤተ ክርስቲያን የሠራው የመሠዊያ ቅርጽ በኅብረ ቀለም ሳይቀባ ቀርቦ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1504 እና በ1505፣ ሌላው ታላቅ ቀራጺ ፋይት ሽቶስ ቀለምና ወርቅ ቀባው። ይኸው ሽቶስ በእርጅናው ዘመን፣ በ1520ዎቹ መጀመሪያ፣ የሠራውን የባምበርግ መሠዊያ ግን እንጨቱን ሳይቀባ ተወው። ስለዚህ አንድ ባለሙያ ሁለቱንም መንገድ ሊያውቅ ይችላል። ዋናው ነገር ውሳኔው ከመጀመሪያው የመሮ ምት በፊት መሆኑ ነው። ቀለም የሚቀባ ሪሊፍ ጠለቅና ሰፋ ተደርጎ ይቀረጻል፤ ሳይቀባ የሚቀር ደግሞ በጠርዙና በጭረቱ ውበት ይመካል። የእኛ ዕጩ መምህር ገበሬውን ያለ ቀለም ቀርጾ፣ በመጨረሻው ሳምንት ዳኞችን ፈርቶ ቀባው። ፍርሃቱን ያስተማርነው እኛ ነን።

ጉዳዩ የአንድ ኤግዚቢሽን ብቻ አይደለም። እነዚህ ወጣቶች ነገ የሚመደቡባቸው ትምህርት ቤቶች አንድ ቆርቆሮ ቀለም ለመግዛት የሚቸገሩ ናቸው። «ያልተቀባ አላለቀም» ብለን ከሸኘናቸው፣ መሮና ቁራጭ እንጨት ይዞ የሚመጣውን ተማሪ «አልጨረስክም» ይሉታል። ተማሪውም ሥራ ማለት መሸፈን ነው ብሎ ይማራል።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለቅርጹ የሚሰጠው ነጥብ ከቅቡ በፊት ይሰጥ፤ የአጨራረሱ ነጥብ ለብቻው ይያዝ። ሁለተኛ፣ ሪሊፍ ሁልጊዜ ቆሞ፣ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይታይ። ሦስተኛ፣ ቀለም የግድ ካስፈለገ በስሱ ይቀባና ሳይደርቅ ከፍ ካለው ቦታ ላይ በጨርቅ ይጠረግ፤ በጎድጓዳው የሚቀረው ቀለም ጥላውን ያግዛል። የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል፣ ተዘርግቶ ይድረቅ።

የፈረሰኛው ነጥብ ተመዝግቧል። ሠሪውን ግን ጠርተን መልሳችን ስሕተት እንደነበረ ነግረነዋል። ጥቂት ዝም ካለ በኋላ «እንግዲያው የኋላ እግሮቹን ላስተካክላቸው» አለና ሳንቃውን ይዞ ሄደ።