ወደ ኋላ የሄደው ጆንያ

ላፍቶ ውስጥ ከማስተምርበት ግቢ ብዙም ሳይርቅ አንድ ወፍጮ ቤት አለ። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች ጉልበትና ሰበቃ በማስተምርበት ሰሞን ጥያቄ የምቀዳው ከዚያ ነው። የመጽሐፉን «ብሎክ» አይቶ የሚያውቅ ልጅ የለም፤ ኩንታል ጤፍ ግን ከነክብደቱ ሁሉም ያውቀዋል።

100 ኪሎው ጆንያ ሲሚንቶ ወለል ላይ ተጋድሟል እላቸዋለሁ። አንዱ ጫኝ ከፊት ሆኖ በገመድ በ250 ኒውተን ይስባል፤ ሌላው ከኋላ በ150 ይገፋል። የሰበቃው ኮፊሸንት ጆንያው እንደቆመ 0.5፣ ከተንቀሳቀሰ በኋላ 0.4 ነው። ሽምጠጣው ስንት ነው? (ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ «አክስለሬሽን» ነው የሚሉት። እኔ ግን ሽምጠጣ ስል ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ይታየኛል፤ ቃሉን ልተወው አልቻልኩም።)

ቀድመው የሚሳሳቱት ጎበዞቹ ናቸው። ክብደቱ 980 ኒውተን፣ በ0.5 ሲባዛ 490። ከ400 ላይ 490 ሲቀነስ ‑90፤ ለ100 ሲካፈል ‑0.9። ከሥሩ ሁለት መስመር ያሰምሩበታል።

«እሺ፣ ጆንያው ወዴት ሄደ?»

ዝም። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንዱ፦ «ቲቸር፣ ገፊውን ሊገጨው ነው!»

ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው ትምህርቱ የሚጀመረው። 490 የሰበቃ ጣሪያ እንጂ ሰበቃው ራሱ አይደለም። ሰበቃ ቁጥብ ነው፤ በ100 ብትገፋው 100፣ በ400 ብትገፋው 400 ይመልሳል፣ ማንም ካልነካው ምንም። እዚህ 400 ለ400 ተያይዘዋል፤ ድምሩ ዜሮ፣ ሽምጠጣውም ዜሮ። ጆንያው ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ማስተማር ስጀምር ቀመሩን አስቀድም ነበር፤ ያ ‑0.9 በየዓመቱ ይመለስብኝ ነበር። አሁን ቀስቶቹ ተስለው ባለቤታቸው ሳይታወቅ ቁጥር የሚባል ነገር ሰሌዳ ላይ አይወጣም። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ «የማን ነው?» እላለሁ። የገመዱ፣ የሰውየው እጅ፣ ወለሉ ወደ ላይ የደገፈው፣ ወለሉ ወደ ጎን የያዘው። ሁልጊዜ አንድ ሰው «የመሄድ ጉልበት» የሚል ቀስት ወደ ፊት ይጨምራል። የማን ነው? ባለቤት የለውም። ይጠፋል።

ሳይነካ የሚስበው አንድ ብቻ ነው፤ ምድር። እዚህ ላይ የክፍለ ከተማችን ስም፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ያግዘኛል። ንፋስ ስልክ የተባለው እዚህ በነበረው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ጣቢያ ምክንያት ነው፤ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርስ ስልክ። ምድርም ያለ ገመድ ትስባለች ስላቸው ይገባቸዋል። (የአዲስ አበባ ስበት፣ ከፍታችንና ለምድር ወገብ ያለን ቅርበት ተደምሮ፣ ወደ 9.77 ነው። ለጤፍ ጆንያ 9.8 ይበቃል።)

ጫኞቹ ይህን ሁሉ በእጃቸው ያውቁታል። ገመዱን ወደ ላይ ዘንበል አድርገው ነው የሚስቡት። ያው 250 ኒውተን በ30 ዲግሪ ቀና ቢል ወደ ፊት የሚስበው 217 ያህል ብቻ ነው፤ 33 ይከስራል። ወደ ላይ ግን 125 ያነሳል፤ ወለሉ የሚሸከመው ከ980 ወደ 855፣ የሰበቃውም ጣሪያ ከ490 ወደ 427 ተኩል ይወርዳል። 33 ከፍሎ 62 ማትረፍ ነው። ጆንያው ግን አሁንም አይነሳም፤ 61 ኒውተን ይቀራል። በጀርባው ይተኛ በጎኑ እምብዛም ለውጥ የለውም፤ ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን በ1699 እ.ኤ.አ. ሰበቃ ክብደትን እንጂ የሚነካካውን ስፋት እንደማይከተል ጽፏል።

ስለዚህ ሦስተኛ ሰው ይጠራል። ገመዱን አግድም እንመልሰውና አዲሱ በ200 ይግፋ፤ 600 ከ490 ይበልጣል። ጆንያው ተነሳ። አሁን ሰበቃው 392 ነው፤ የተረፈው 208፣ ሽምጠጣውም 2.08። ልጆቹ እዚህ ብዕር ያስቀምጣሉ፤ እኔ ግን መልሱን አላምነውም። በዚህ ቢቀጥል በሁለት ሰከንድ ፍጥነቱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ኩንታል ይዞ እንደዚያ የሚሮጥ ሰው የለም። ጫኞቹን ልብ ብላችሁ ብታዩ ጆንያው እንደተነሳ እጃቸውን ያለዝባሉ፤ 392 ለማስቀጠል ይበቃቸዋል።

ባለፈው ሰሞን ይህን ጨርሼ ሰሌዳውን ላጠፋ ስል አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ጆንያው ሳቢውንም ወደ ኋላ ይስበዋል አይደል? ታዲያ እሱ ለምን አልተንሸራተተም?»

የወፍጮ ቤት ወለል ዱቄት የተነሰነሰበት መሆኑ ትዝ አለኝ። ቾኩን አንስቼ የሰውየውን ጫማ ሳልኩ፤ ከጫማው ሥር የሚነሳውን ቀስትም የማን እንደሆነ ጠየቅኳት።