ሹፈትን ማስተማር፤ በቡፎን ትወና አሠለጣጠን ላይ የቀረበ ሂስ

ተመልካች በክላውን ይስቃል፤ ቡፎን ግን በተመልካቹ ይስቃል። በአካላዊ ቴአትር ማሠልጠኛዎች ዘንድ የሁለቱ ልዩነት ብዙውን ጊዜ በዚህ አጭር አነጋገር ይገለጻል። ክላውን የራሱን ድክመት ገልጦ ያሳያል፤ ይሰናከላል፣ ይሳሳታል፣ ያፍራል። ቡፎን ደግሞ ጀርባው የጎበጠ፣ ሆዱ ወይም መቀመጫው ከመጠን በላይ ያበጠ ፍጡር ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር በመንጋ ይመጣና የሹሙን፣ የባለጸጋውንና የጦር አዛዡን አኳኋን እያስመሰለ ያፌዝበታል። እንዲህ ያለውን ሹፈት በሥርዐት ማስተማር ይቻላልን? የሚቻልስ ከሆነ በምን ቅደም ተከተልና በምን ጥንቃቄ? ጥያቄው ተዋንያንን ብቻ ሳይሆን በክፍልና በክበባት ድራማ የሚያሠሩ መምህራንንም የሚመለከት ነው።

ቡፎንን ራሱን የቻለ የትምህርት ዘርፍ ያደረገው ፈረንሳዊው ዣክ ሌኮክ (እ.ኤ.አ. 1921–1999) ነው። ሌኮክ ወደ ቴአትር የመጣው ከስፖርትና ከሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሲሆን፣ በኢጣሊያ ስምንት ዓመት ሠርቶ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1956 በፓሪስ ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ትምህርቱ የሁለት ዓመት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ሠልጣኙ ምንም ስሜት በማይታይበት ገለልተኛ ጭንብል አማካይነት ሰውነቱን ከግል ልማዱ ያላቅቃል፤ ውሃን፣ እሳትንና እንስሳትን በእንቅስቃሴ ያጠናል። ቡፎን የሚመጣው በሁለተኛው ዓመት፣ ከሜሎድራማ፣ ከኮሜዲያ ዴላርቴ፣ ከትራጀዲና ከክላውን ጋር ነው። ሠልጣኙ ሌላውን ከማስመሰሉ በፊት ማየትን ተምሯል ማለት ነው።

ሌኮክ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ሥራው የተጀመረው ከቀላል ማስመሰል ነበር። አንዱ ሠልጣኝ የሌላውን አረማመድና ድምፅ እየተከተለ ያስመስላል፤ ይህ ወዳጃዊ ጨዋታ ነው። ሹፈቱ ከአረማመድ አልፎ ሰው ወደሚያምንበት ነገር ሲዘልቅ ግን ጨዋታው ይበላሻል፤ የሚያፌዘውና የሚፌዝበት በአለባበስም በአካልም አንድ ዐይነት ስለሆኑ ሹፈቱ ወደ ክፋት ይለወጣል። ሌኮክ መፍትሔ አድርጎ ያገኘው ለሚያፌዘው ሌላ አካል መስጠትን ነው። ጉብጥ፣ ቦርጭ፣ ያበጠ ዳሌ ሲለበስ መላው ሰውነት ጭንብል ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ሠልጣኙ በገዛ ሰውነቱ የማይደፍረውን ይደፍራል፤ ተመልካቹም ከእኩያው የማይቀበለውን ቃል ከዚህ እንግዳ ፍጡር ሲሰማው ይታገሠዋል።

ከትምህርት ዘዴ አንጻር ሲመዘን በዚህ አሠራር ሁለት ጥንካሬዎች ይታያሉ። አንደኛ፣ መልመጃው የተወለደው በክፍል ውስጥ ከተከሠተ ችግር ነው፤ አስተማሪው ሠልጣኞቹን ከመውቀስ ይልቅ የሥራውን ሁኔታ ለወጠ። ሁለተኛ፣ ቡፎን በቡድን የሚሠራ በመሆኑ ማንም ብቻውን ጎልቶ ሊወጣ አይችልም፤ በትምህርት ቤቱም ሠልጣኞች ያለ አስተማሪ በቡድን ሠርተው ውጤቱን ለሂስ ማቅረባቸው የዘወትር ሥርዐት ሆኖ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ዘዴው ሳይመረመር ሊወሰድ የሚገባው አይደለም። በመጀመሪያ፣ በቡፎን ማሠልጠኛዎች የሚነገረው የትውልድ ታሪክ አለ። በመካከለኛው ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማንና ሌሎች የተገለሉ ሰዎች ወደ ረግረግ ተባርረው ይኖሩ እንደ ነበር፣ በዓመት አንድ ቀን ግን ወደ ከተማ እየገቡ ያባረሯቸውን በጨዋታ ይሸነቁጡ እንደ ነበር ይተረካል። ሕሙማኑ መገለላቸው እውነት ነው። ሥርዐት እየገለበጠ ያፌዝ የነበረውና በታሪክ የሚታወቀው የፈረንሳይ «የሞኞች በዓል» ግን የተገለሉ ሰዎች ሳይሆን የዝቅተኛ ማዕረግ ካህናት በዓል ነበር፤ የባዝል ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1435 አግዶታል። ተረቱ ለሠልጣኙ ምናብ ይጠቅማል፤ አስተማሪው ግን ተረቱን ተረት ብሎ ሊያስተምር ይገባዋል።

ከዚህ የከበደው ጉዳይ የአካሉ ጉዳይ ነው። ኃያሉን ለመሸንቆጥ የሚለበሰው አካል የማን ነው? የተለበሰው አካል ፈጠራ እንጂ የማንም ሰው አምሳል አይደለም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ተዋናዩ ጉብጡን ከትርኢቱ በኋላ አውልቆ ይሄዳል፤ ከጉብጥ ጋር የሚኖረው ሰው አያወልቀውም። ስለዚህ የፈጠራው መለኪያ አንድ ነው፤ ተመልካቹ የሚስቀው በጉብጡ ነው ወይስ ጉብጡን ለብሶ በሚናገረው እውነት?

ሦስተኛው የሂስ ነጥብ የአስተማሪውን ጠባይ ይመለከታል። የሌኮክ ተማሪ፣ በኋላም በዚያው ትምህርት ቤት መምህር የነበረው ፊሊፕ ጎልዬ እ.ኤ.አ. በ1980 የራሱን ትምህርት ቤት ከፍቶ የቡፎንን ትምህርት አስፋፍቷል። ጎልዬ የሠልጣኙን ድካም በአደባባይ በሚያፌዝ ጠንካራ ሂስ ይታወቃል። ሙያውን መርጦ ለመጣ ጎልማሳ ይህ ሊጠቅም ይችል ይሆናል። ወዶ ላልመጣ ሕፃን ግን አስተማሪው ራሱ ቡፎን ሆኖበት መገኘቱ ከቅጣት አይለይም።

የሹፈት ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» በተባለው ተውኔታቸው የሹማምንቱን ብልሹነት በአራዊት አካል ገልጠው ነበር፤ ተውኔቱም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታግዷል። ጎሕ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዞሩ የሚያዜሙት ላሊበላዎችም ሲሰጣቸው ይመርቃሉ፣ ሲነፈጉ ይዘልፋሉ፤ ማዜሙን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ያገኛቸዋል የሚል እምነትም በሕዝቡ ዘንድ ይነገራል። በሁለቱም ዘንድ ሹፈቱ የሚነሣው ከታች ሲሆን የሚያነጣጥረውም ከላይ ያለውን ነው።

በትምህርት ቤት ክበባት ድራማ ግን አቅጣጫው ተገልብጦ መታየቱ የተለመደ ነው። ሣቅ በቀላሉ የሚገኘው ከሚንተባተበው፣ ከሚያነክሰው፣ ከዐይነ ስውሩ ለማኝ ወይም አማርኛ አፉን ካልፈታበት የገጠር ሰው ነው። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንዲሉ፣ ተማሪው የሚፈራውን ትቶ የማይፈራውን ይመታል። ከተመልካቹም መካከል በምርኩዝ የሚሄድ ተማሪ ተቀምጦ ይሆናል፤ እሱ ሌሎቹ ሲስቁ የሚማረው ዝምታን ነው።

እንግዲህ ከቡፎን አሠለጣጠን ለትምህርት ቤት ሊወሰድ የሚገባው ጉብጡ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ተማሪው አስቀድሞ በጸጥታ ማስተዋልን ይልመድ፤ ቀጥሎ ጓደኛውን በፈቃዱና በወዳጅነት ያስመስል፣ እሱም በተራው ይመሰል። ሌላ አካል ማበጀት ሲያስፈልግ ከአካል ጉዳት ሳይሆን ከእንስሳት፣ ከዕቃና ከፍራፍሬ ቅርጽ ይበጅ። በመጨረሻም ቡድኑ ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት «በማን ላይ ነው የምንስቀው? እሱስ ሊመልስልን ይችላልን?» ብሎ ይጠይቅ። ሊመልስ በማይችል ሰው ላይ የተሠራ ትዕይንት ምንም ያህል ቢያስቅ ከትርኢቱ ይውጣ። የድራማ መምሪያ የሚያዘጋጁ ክፍሎችም ይህን ጥያቄ ከድምፅ፣ ከእንቅስቃሴና ከአልባሳት መመዘኛዎች ፊት ቢያስቀድሙት፣ በምርኩዝ የሚሄደው ተማሪ ከመድረኩ ፊት ብቻ ሳይሆን በመድረኩ ላይም ቦታ ሊኖረው ይችላል።