ማኅተም የሌለው ባለቤት

ፊልሙ በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ሲጀምር ጭቃ የለበሱ ሰዎች ኳሱን ሳይሆን እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ይመስላሉ። በግፊያው መካከል አንደኛው አፉን ተመትቶ የፊት ጥርሶቹ ይሰበራሉ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይወስዱታል። እዚያ፣ በማደንዘዣው ሰመመን ውስጥ፣ ያለፈ ሕይወቱ በቁርጥራጭ እየመጣ ፊቱ ይደቀናል፤ እኛም አብረነው ወደ ኋላ እንጓዛለን። “ዚስ ስፖርቲንግ ላይፍ” የተሰኘው የእንግሊዞች ፊልም አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ያዘጋጀው ሊንድሴይ አንደርሰን ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው በ1963 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። መነሻው ዴቪድ ስቶሪ በ1960 በዚሁ ርዕስ ያሳተመው ልብ ወለድ ነው።

ፊልሙን ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ዋናውን ገጸ ባሕርይ ፍራንክ ማቺንን ለሚጫወተው ለሪቻርድ ሃሪስ ስል ነው፤ በዚያው ዓመት በካን የፊልም ፌስቲቫል በምርጥ ተዋናይነት ያሸለመው ይኸው ሥራው ነው። ሁለተኛውን ጊዜ ያየሁት ለራሼል ሮበርትስ ስል ነው። እሷ የምትጫወታት ባሏ የሞተባት ወይዘሮ ሃመንድ የሟቹን ጫማ እየወለወለች ማስቀመጧ ብዙ ገጽ ከሚፈጅ ትረካ የበለጠ ይናገራል። ሦስተኛውን ጊዜ የተቀመጥኩት ግን አንድ ሰው ፍለጋ ነበር። የፈለግሁት ደጋፊውን ነው፤ ላገኘው አልቻልኩም።

ለዚህ ፍለጋ ያነሳሳኝ ራግቢ ሊግ የተባለው የዚህ ስፖርት ደጋፊዎች ስለ ወቅቱ ጭቅጭቆቻቸው የሚጽፉትንና የሚናገሩትን ስከታተል መክረሜ ነው። ሰዎቹ ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም። ከንግግራቸው ሥር ግን ደጋግማ ብቅ የምትል አንዲት ጥያቄ አለች፦ “ለመሆኑ ክለቡ የማን ነው?” አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ ተቀምጦ ኳስ ያየ አንባቢ ይህችን ጥያቄ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ልበል። ራግቢ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ የነበረው ለሁለት የተከፈለው በሜዳ ሕግ ሳይሆን በቀን ደመወዝ ምክንያት ነው። በሰሜን እንግሊዝ በማዕድን ጉድጓድና በፋብሪካ የሚውለው ተጫዋች ቅዳሜም ሥራ ነበረበት። ሊጫወት ሲሄድ ደመወዙ ይቆረጣል። የሰሜን ክለቦች የተቆረጠበትን እንተካለት ሲሉ፣ በገንዘብ ችግር የማይታሙት የደቡብ ጨዋዎች “ስፖርት ለፍቅር እንጂ ለገንዘብ አይደለም” ብለው ከለከሉ። በዚህ የተነሳ ሰሜኖቹ ነሐሴ 29 ቀን 1895 ሀደርስፊልድ ከተማ ጆርጅ ሆቴል ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ላጣው የሥራ ቀን ለተጫዋቹ እስከ 6 ሽልንግ እንዲከፈል ፈቀዱ። በ1906 የተጫዋቾችን ቁጥር ከ15 ወደ 13 ዝቅ አድርገው ጨዋታውን አፈጠኑት። ራግቢ ሊግ የምንለው ይህ ነው።

ስቶሪ ይህን ዓለም በወሬ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዌክፊልድ ከተማ የተወለደ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። ለንደን ስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል እየተማረ፣ ለሊድስ ክለብ ሊጫወት በባቡር ወደ ሰሜን ይመላለስ ነበር። ልብ ወለዱ የተጫዋቹን ገላ የሚያውቀው ለዚህ ነው። የባለሀብቱን እጅም ያውቃል። ክለቡን የሚያሽከረክሩት ዊቨርና ስሎመር የተባሉት ሀብታሞች ማቺንን የሚመለከቱት ለውድድር እንደሚገዛ ፈረስ ነው። ማቺን ይህ ይገባዋል፤ ይገባውና ዋጋውን ያስወድዳል። ተጫዋቹና ከበርቴው በግልጽ ተሥለዋል።

ሕዝቡስ? ሕዝቡ በፊልሙ ውስጥ ድምፅ ብቻ ነው። ይጮኻል፣ ያጨበጭባል፣ ከዚያ ይጠፋል። ለደጋፊ የሚቀርብ አንድ ሰው ቢኖር ሽማግሌው ጆንሰን ነው። የክለቡን ደጅ ሲጠና የኖረው ይህ ሰው ማቺን የሙከራ ዕድል እንዲያገኝ የደከመው እሱ ነው። ማቺን ቼኩን ከተቀበለ በኋላ ግን ጆንሰን ቀስ በቀስ ከታሪኩ ይደበዝዛል። ደራሲን ያልጻፈውን ለምን አልጻፍክም ብሎ መውቀስ ሂስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሆኖም ከፊልሙ ወዲህ ያለው የስፖርቱ ታሪክ በአብዛኛው የጆንሰን ታሪክ ነው።

በሚያዝያ 1995 የሩፐርት መርዶክ ኩባንያ ለእንግሊዝ ራግቢ ሊግ 87 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። በምትኩ ሱፐር ሊግ የሚባል አዲስ ውድድር ይቋቋማል፣ የክረምቱ ጨዋታ ወደ በጋ ይዛወራል፣ ጎረቤት ክለቦችም ይዋሐዳሉ ተባለ። ካስልፎርድ፣ ዌክፊልድና ፌዘርስቶን ተጨፍልቀው ካልደር በሚል ስም አንድ ቡድን እንዲሆኑ ታቀደ። በወረቀት ሲያዩት ብልኅነት ይመስላል፤ ሦስቱ ከተሞች የሚራራቁት በጥቂት ኪሎ ሜትር ነውና። ዕቅድ አውጪዎቹ የዘነጉት ሰው ክለቡን የሚወደው ከጎረቤቱ ስለሚለይበት መሆኑን ነው። ደጋፊው ሰልፍ ወጣ፣ “አይሆንም” አለ፤ ውሕደቱም ቀረ። ገንዘቡና በጋው ግን ቀሩ አልተባለም። ሱፐር ሊግ በ1996 ተጀመረ፤ ፌዘርስቶንም በታችኛው እርከን ቢሆንም ስሙን ይዞ ቆየ።

አውስትራሊያ ላይ ነገሩ የበለጠ መረረ። በ1908 የተመሠረተው ሳውዝ ሲድኒ የክለቦች ቁጥር እንዲቀንስ ሲወሰን ከ1999 ውድድር በኋላ ከሊጉ ተባረረ። ብዙ ሺህ ሰው ሲድኒ አደባባይ ወጣ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ክለቡም በ2002 ተመለሰ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ተረት ይወጣው ነበር። ዳሩ ግን በ2006 እነዚያው አባላት የክለቡን 75 በመቶ ድርሻ ተዋናዩ ራሰል ክሮውና አንድ ሸሪኩ እንዲገዙት በድምፃቸው ፈቀዱ። ክለቡ በ2014 ከ43 ዓመት በኋላ ዋንጫ አነሳ። በሰልፍ ያስመለሱትን በድምፅ ሸጡት ልበል? ወይስ ቤቱ እንዳይፈርስባቸው ባለሀብት አስጠጉ? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ። ቢያንስ የተጠየቁት እነሱ ናቸው፤ ሩቡም በእጃቸው ቀርቷል።

የእንግሊዞቹ የቅርብ ጊዜ ንትርክ ደግሞ የደረጃ ምደባ ነው። ከ2025 ውድድር ጀምሮ ሱፐር ሊግ የሚገባውን ክለብ የሚወስነው የሜዳ ውጤት ብቻ መሆኑ ቀረ። ክለቦች በተመልካች ብዛት፣ በገንዘብ አቋም፣ በስታዲየምና በመሳሰለው ከ20 ነጥብ ይመዘናሉ። 15 ያገኘ ቦታው አስተማማኝ ነው። የሜዳ ውጤት የሚያስገኘው ሩቡን ያህል ነው። ለንደን ብሮንኮስ በጥቅምት 2023 ቱሉዝን በገዛ ሜዳዋ ረትቶ ወደ ሱፐር ሊግ አደገ። በዚያው ወር በወጣው የሙከራ ምደባ ግን 24ኛ ተባለ። ስለዚህ የ2024ን ውድድር የጀመረው በዓመቱ መጨረሻ እንደሚሰናበት ልቡ እያወቀ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ውጤቱ አስቀድሞ እንደተነበበ ቴያትር ነው።

ለምደባው የሚቀርበው ክርክር ከንቱ አይደለም። ላለመውረድ ሲል ከአቅሙ በላይ አውጥቶ የከሰረ ክለብ ብዙ ነው፤ ስታዲየም የሚሠራም ሰው ዋስትና ይፈልጋል። ነገር ግን ሚዛኑ ራሱን ይመዘን። ሳልፎርድ ለ2025 ተመዝኖ አለፈ። በየካቲት የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ በገንዘብ ችግር ምክንያት ዋናዎቹን ተጫዋቾች ማሰለፍ ተስኖት ታዳጊዎች ይዞ ገባና በሴንት ሄለንስ 82 ለ0 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ወሰነ። እንግዲህ ክስረትን ለማየት የተሠራው መነጽር ክስረቱን አላየም። ደጋፊውን በተመለከተም ነገሩ ያስተዛዝባል። የመግቢያ ትኬቱ ነጥብ ሆኖ ገባ፤ ሐሳቡ ግን የሚገባበት ሣጥን አልነበረውም። ተቆጠረ እንጂ አልተጠየቀም።

እስከዚህ ድረስ ከደጋፊው ጎን ነኝ። አሁን የምንለያይበት ቦታ ደረስን። ከ2020ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የቀድሞ ተጫዋቾች በጨዋታ ዘመናቸው ጭንቅላታቸው ላይ በደረሰ ምት አእምሯችን ተጎዳ በማለት የስፖርቱን አስተዳደር ከስሰዋል። አንዳንዶቹ ገና ሳያረጁ የመርሳት ሕመም የያዛቸው ናቸው። አስተዳደሩ በ2024 ጭንቅላት ላይ በሚያርፍ ምት ቅጣቱን ሲያጠብቅ ከደጋፊው መካከል ብዙው “ጨዋታችን ለሰለሰ” ብሎ አጉረመረመ። “ተጫዋቹ የሚገባበትን አውቆ ነው” የሚልም አለ።

ይህን ስሰማ ጆንሰን ሳይሆን ዊቨር የሚናገር ይመስለኛል። ክለቡ የእኔ ነው የሚል ሰው ጣራው ሲያፈስም የእኔ ነው ማለት አለበት። ጨዋታው የተወለደው ሠራተኛው ሲጫወት የሚያጣው ነገር ይካካስለት ተብሎ ነው። ያኔ የሚያጣው የቀን ደመወዝ ነበር፤ ዛሬ የሚያጣው የልጆቹን ስም ማስታወስ ሊሆን ይችላል። 6 ሽልንጉን የጠየቁት አያቶች፣ የልጅ ልጆቻቸው ስለ ጭንቅላት ሲጠየቁ ዝም ቢሉ ወይም ቢያሾፉ ምን ይሏቸው ነበር?

ፊልሙን ሦስተኛ ጊዜ አይቼ ስጨርስ የመጀመሪያውን ትዕይንት መልሼ አየሁት። ማቺን አፉን ይዞ ጭቃው ላይ ተዘርግቷል። ከበስተኋላው የሚሰማው ያ ጩኸት የደጋፊው ነው። ስሙን ባናውቀውም፣ ማኅተም ባይኖረውም፣ እዚያ ነበረ፤ ጥርሱ ሲሰበርም አይቷል።