ውዳሴ ይድነቃቸው፦ ከጣራ ገዳም ደጅ

ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር ከተማ አየሩ በጅራፍ ይሰነጠቃል። እረኛው የገመደውን ልጥ ከራሱ በላይ ሁለቴ ሦስቴ አዙሮ በድንገት ሲመልሰው፣ ጩኸቱ ከጋራ ጋራ ይማታል፤ ሙልሙሉ ከሞሰብ ወደ አኩፋዳ ይገባል፤ ሆያ ሆዬ ባዩ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ለሌላው አገር ቡሄ የሆነው ቀን፣ ስሟን ከዚያው ከታቦር ለወረሰችው ከተማ የስሟ በዓል ነው። በ1979 ዓ.ም. በዚሁ ቀን የእግር ኳሱ ሰው ይድነቃቸው ተሰማ ዐረፈ። የተወለደው ደግሞ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ነበር። በዕንቁጣጣሽ አበባ መጥቶ በደብረ ታቦር ብርሃን የሄደ ሰው፣ ቀኖቹ ራሳቸው ቅኔ ሆነውለት የኖረ ሰው፣ ከወዴት ይገኛል!

ውዳሴ ለማቅረብ የኛን ወገን የሚቀድም የለም። ድጓ ቤተልሔም ላይ፣ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ ላይ ካልተመሰከረ ሊቁ ሊቅ በማይባልበት፣ ርብና ጉማራ ከጉና ወርደው ለጣና በሚገብሩበት፣ ጣራ ገዳም በጥድና በወይራዋ መካከል መናኙን ሸሽጋ በምትኖርበት አገር ተወልደናል። ጅማ የተወለደውን፣ አዲስ አበባ ላይ የገነነውን ሰው ከዚህ ደጅ ቆመን ብናወድስ ማን ይከለክለናል? በሕይወት ሳለ የሚያውቁት «ጋሽ ይድነቃቸው» ይሉት ነበር እንጂ በአንተታ አይደፍሩትም። ይሁንና በመልክዕና በውዳሴ ሥርዓት ቅዱሱም ንጉሡም «አንተ» ነው የሚባለው። ጋሼ፣ ድፍረቱን ለሥርዓቱ ቁጠርልን።

የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሆይ! አባትህ በዜማውና በግጥሙ መኳንንቱን ያስደመመ፣ ጀርመን አገር ተሻግሮ ድምፁን ከኢትዮጵያውያን ሁሉ ቀድሞ በሸክላ ያስቀረጸ ባለቅኔ ነበር። እሱ በቃል የተካነውን አንተ በእግር ተካንኸው፤ ኋላም ቃሉን መልሰህ ወረስኸውና በጉባኤ ፊት ተሟገትህበት።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበርህ። ዓመቱ ሳይሞላ ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስት ከጥይቱ ቀጥሎ ያመጣው የቀለም አዋጅ ነው፦ የነጭ ሰፈር፣ የጥቁር ሰፈር፤ የነጭ ሲኒማ፣ የጥቁር ሲኒማ፤ ነጩ ከነጭ ጋር፣ ጥቁሩ ከጥቁር ጋር ይጫወት። በገዛ አገርህ፣ አባቶችህ ዓድዋ ላይ ደማቸውን ካፈሰሱ አርባ ዓመት በኋላ፣ ከሜዳህ በቆዳህ ስትለይ የጉርምስና ዓይንህ አየ። ሌላው አፍሪካዊ ስለ አፓርታይድ ከጋዜጣ ሲያነብ፣ አንተ ዘመዱን ከደጅህ ታውቀው ነበር። የኋላው ታሪክህ ሁሉ ምንጩ እዚህ ይመስለኛል።

ጠላት ወጣ፤ አንተ ግን ከሜዳ አልወጣህም። 23 ዓመት የቅዱስ ጊዮርጊስን ማልያ ለበስህ፣ የአገርህን ማልያ ደረብህ፤ ሌላው ጫማውን ሰቅሎ በሚተኛበት ዕድሜ አሠልጣኝ ሆንህ፣ ጸሐፊ ሆንህ፣ ተከራካሪ ሆንህ።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሲቆም አራት አገሮች ነበሩ፦ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። የደቡብ አፍሪካው ወኪል ፍሬድ ፌል ነበር። ለአፍሪካ ዋንጫ መንግሥቱ የፈቀደለት ወይ ነጭ ብቻ የሆነ ቡድን፣ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን ማምጣት ነው፤ ሁለቱን ቀላቅሎ ማሰለፍ ግን በአገሩ ያን ጊዜ ነውርም ክልክልም ነበር። መሥራቾቹም፣ ከመካከላቸው አንተ፣ «እንዲህ ከሆነ ቅር» አሉ። ዓለም ደቡብ አፍሪካን በእንግድነት ሲያከብር፣ ፊፋም ኦሊምፒኩም በር ከፍተው ሲቀበሏት፣ ገና በእግሩ ያልቆመ አራስ ድርጅት ከአራት አባሎቹ አንዱን አውጥቶ በሦስት እግር መቆምን መረጠ።

ክፉ አፍ አይታጣምና «ኢትዮጵያ ደቡብ አፍሪካን ልትገጥም ዕጣ ወጥቶባት ነበር፤ በዚህ ሰበብ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች» የሚል ይኖራል። አለፈች፣ እውነት ነው። ፍጻሜው ላይም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ለእንዲህ ያለ ትርፍ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚሟገት ሞኝ የለም።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም፣ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ። እዚህ ላይ ቀስ ብለን እንለፍ፣ ደስታው የኛ ነውና። ግብፅ በባዳዊ እግር አስቀድማ አገባች። ደቂቃው 74 ሲሆን ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ሕዝቡ ገና እልል ብሎ ሳይጨርስ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ ባዳዊ ደገመ። በ84ኛው ሉቺያኖ ቫሳሎ አስተካከለ። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ፤ 4 ለ 2! ያን ቡድን ያሠለጠንህ አንተ ነበርህ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ ደግሞ አባቱ ጣልያናዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። የፋሺስት ሕግ እንደ እሱ ያለውን ልጅ ከአባቱ ዜግነት አግዶ፣ ወዲያም ወዲህም እንዳይሆን ፈርዶበት ነበር። አንተ የአፍሪካ ሻምፒዮን አደረግኸው። ለቀለም አዋጁ ከዚህ የተሻለ መልስ ማን ሰጠ?

ከዚያች ቀን በኋላ ብዙም ሳይቆይ ኔልሰን ማንዴላ የሚባል ጠበቃ ከአገሩ ሾልኮ ወጥቶ ለጉባኤ አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ዓመት ተመልሶ መጥቶ ኮልፌ ላይ የጦር ትምህርት ተማረ። እሱ በዚያ በኩል፣ አንተ በዚህ በኩል፣ አንዱን ግንብ ስትገፉ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ እዚህ በደጃችን ጋፋት ላይ የሴባስቶፖልን መድፍ አሠርተው ነበር። የአንተ መድፍ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤና የድምፅ ካርድ ነበረ፤ ከኢላማውም አልሳተም። የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ እ.ኤ.አ. በ1963 ደቡብ አፍሪካ ደርሰው ሲመለሱ፣ ከሁለት ዓመት በፊት በአገሪቱ ላይ የተጣለው እገዳ ተነሣ። አፍሪካውያን ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ እገዳውን አስመለሱት። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ ቦታ ተነፍጓት፣ ከሌላው አህጉር ጋር ተጋፊ በተባለች ጊዜ፣ አንተና የጋናው ኦሄኔ ጃን ተቃውሟችሁን አሰማችሁ፤ አፍሪካም በሙሉ ቀረች። ለ1970ው ውድድር ቦታዋ ተሰጣት። በ1974 ራውስ በአፍሪካ ድምፅ ብርታት ከወንበራቸው ወረዱ። በ1976 ሞንትሪያል ላይ ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ጨርሶ አባረረ። አንተ ያን ጊዜ የካፍ ፕሬዚዳንት ከሆንህ አራት ዓመትህ ነበር፤ ከዚያ ወንበር ሞት ብቻ ነው ያነሣህ።

ውዳሴ ቢሆንም ዋጋውን አንሸሽግም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ሞንትሪያል፣ የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ኦሊምፒኩን ጥለው ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩጽ ይፍጠር እግሩ እሳት በሚተፋበት ዘመን ሳይሮጥ ተመለሰ። እሱስ በአራተኛው ዓመት ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ አጥልቆ ተካሰ፤ ዕድሜያቸው ያለፈባቸው፣ ያ ሜዳ የመጨረሻቸው የነበረ ሯጮች ግን አልተካሱም። ስለ ደቡብ አፍሪካው የሶዌቶ ልጅ ብለው የራሳቸውን ወርቅ የተዉ እነዚያም በዚህ ውዳሴ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ ጥቂት ነውና እኛ እንጥራቸው።

ይድነቃቸው ሆይ! ሥልጣን ይዘህ ዘር ያልቆጠርህ፣ ከነጭ ጋር ተሟግተህ ነጭን ያልጠላህ፣ የምትጠላው መለያየቱን ብቻ የነበረ፤ ድሃ አህጉርን ወክለህ በሀብታሞች ጉባኤ ገብተህ አንገትህን ያልሰበርህ! ጫካ ገብቶ ለነጻነት የተዋጋውን ሁሉ እናከብራለን። አንተ ግን በካልሲና በማልያ የጀመርኸውን ጦርነት በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ጨረስኸው፤ ይህ የአርበኝነት ዓይነት በአገራችን ተገቢውን ዘፈን ገና አላገኘም።

የደብረ ታቦርና የአዲስ ዘመን የኳስ ልጆች፣ ከእንግሊዝ ክለብ ተጫዋቾች ስም በፊት ይህን ስም ያዙ።

ማንዴላ ከእስር የወጣው አንተ ካረፍህ ሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ እግር ኳሱ ማኅበር ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካ ዋንጫን በአገሯ አዘጋጅታ፣ ጆሃንስበርግ ላይ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸንፋ ወሰደች። አምበሉ ነጩ ኒል ቶቪ ነበር፤ ጥቁሩና ነጩ ባንድ ማልያ ተሰልፈው፣ ማንዴላም ያንኑ ማልያ ለብሰው ከመካከላቸው ቆመው ነበር። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ፍሬድ ፌል የተጠየቀው እንዲህ ያለ ቡድን ነበር፤ ከዚህ የበለጠ የጠየቀው አልነበረም።